ሦስት ዙር ኬብል

ውድ አባዬ፣

የብየዳ ኬብሉ ትከሻህ ላይ ካለ መጀመሪያ አውርደው። "አንብቤ ልጨርስና" እንዳትለኝ። አውርደው፣ መሬት ላይ ጣለው፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብብ። መሰላል ላይ ቆመህ ከሆነም ውረድ። ግትር መሆንህን አውቃለሁ፤ ግን ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ሳትከራከር እሺ በለኝ።

አወረድከው? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የምጽፍልህ ከብየዳ ቤቱ ግቢ ነው። ወደ ሥራ ቦታችሁ ላሜራ የሚያደርሰው መኪና እዚህ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሸራውን አስሮ ሲጨርስ ይነሳል። ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ እደርሳለሁ ብሎኛል። ልደውልልህ እንዳልል ስልክህን ቤት ጥለኸዋል። ሐኪሙ "ስልክ በግራ ደረት ኪስ አይያዝ" ስላለህ ጭራሽ ትተኸው ሄድክ። ለአንዲት ስልክ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው መቶ ሃምሳ አምፒር ይታጠቃል ብሎ ማን ይገምታል? እዚያ ኔትወርክ እንደሌለም፣ ፎርማናችሁ ለመደወል ዋናው መንገድ ድረስ እንደሚወጣም ሹፌሩ ነግሮኛል። እማዬ ስልክህን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ለደወለው ሁሉ "እሱማ የለም፣ ብረት ናፍቆት ሄደ" እያለች ትመልሳለች። ትቀልዳለች፣ እንቅልፍ ግን የላትም።

የተጣላንበትን ነገር ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ካላነሳሁት ከዚህ በታች የምጽፍልህ ቁጥር ሁሉ ከየት እንደመጣ አይገባህም።

የልብ ምት የሚያስተካክለውን መሣሪያ ከግራ የአንገት አጥንትህ ሥር ካስገቡልህ በኋላ ሐኪሙ ፊት የተቀመጥንበትን ቀን ታስታውሳለህ? "ከኃይለኛ ኤሌክትሪክ ራቅ ይበሉ" አለህ።

"ምን ያህል ልራቅ?"

"እንዲያው ራቅ ይበሉ፣ አባቴ።"

"ዶክተር፣ እኔ በያጅ ነኝ። 'ራቅ' የሚባል መለኪያ የለኝም። በሜትር ይንገሩኝ።"

ሐኪሙ ሳቀና የሚቀጥለውን ታማሚ አስጠራ። እኔ ደግሞ አፍሬ እጅጌህን እየጎተትኩ አስወጣሁህ። ኮሪደሩ ላይ "ምን አጠፋሁ?" ስትለኝ ቀድሜህ ወደ በሩ ሄድኩ።

ከዚያ ይህ፣ በረጃጅም የብረት እግሮች ላይ የሚቆመው የውሃ ታንከር ሥራ መጣ። ፎርማኑ "ያለ ዘጠና አልጀምርም፣ እግሮቹን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙልኝ እሳቸው ናቸው" ብሎ ቤት ድረስ ሲመጣ ፊትህ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። "ዘጠና ዲግሪ" ብለው ቅጽል ስም ያወጡልህ ሰዎች "ዘጠና" ብለው ሲያሳጥሩት የተቆጣህ መስለህ በልብህ ስትስቅ ነው ያደግሁት። እና እኔ በዚያ ፊት ላይ "አትሄድም" አልኩህ።

"ለምን?"

"ስለምትሞት።"

"በስንት?"

"ምን በስንት?"

"በስንት አምፒር ነው የምሞተው? በስንት ርቀት? የፊዚክስ መምህር አይደለሽ እንዴ? ቁጥር ካለሽ ስጪኝ፣ እቀመጣለሁ። ቁጥር ከሌለሽ ግን እንደ ጎረቤት አታስፈራሪኝ።"

ቁጥር አልነበረኝም። ስለዚህ ጮህኩብህ። "አንተ ሰው ነህ እንጂ ማሽን አይደለህም!" ስልህ "አሁንማ ግማሼ ማሽን ሆኗል" ብለህ ብቻህን ሳቅህ። እማዬም "ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ ውጡልኝ ከዚህ" ብላ ገላገለችን። ጠዋት ስነሳ ቦርሳህም ጫማህም የለም።

ተናድጄ ነበር። አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ግን አንተ ከሄድክ በኋላ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ ኮረንት የሚያልፍበት ክብ ሽቦ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ ሳስተምር፣ ሰሌዳው ላይ ክቡን ስዬ ጨርሼ ቆምኩ። የሳልኩት አንተን ነበር፣ አባዬ። ኬብሉን በግራ ትከሻህ አሳልፈህ፣ በጀርባህ አዙረህ፣ በቀኝ ብብትህ ሥር የምታወጣውን። ክብደቱ እጅህን እንዳይጎትተው ብለህ የፈጠርከውን፣ "ሻርፔ" የምትለውን። ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ ምነው?" እስኪሉኝ ድረስ እሱን አያለሁ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ወደ ሐኪሙ ሳይሆን መሣሪያህን በኮምፒውተር ወደምታስተካክለዋ ባለሙያ። አንተ የጠየቅከውን ጥያቄ ጠየቅኋት፣ ሳላፍር። እሷም ቁጥር ሰጠችኝ፤ መሣሪያው ባለበት ቦታ ላይ መስኩ ከአንድ ሚሊቴስላ ማለፍ የለበትም። ቴስላ ማለት የመግነጢስ መለኪያ ነው፤ ሚሊቴስላ የሱ አንድ ሺህኛ። ካለፈስ? ስላት፣ መሣሪያው ወይ ልብህን ማዳመጥ ትቶ በራሱ ፍጥነት ይመታል፣ ወይ ደግሞ የብየዳውን መንጫጫት የልብህ ምት መስሎት "ልቡ እየሠራ ነው" ብሎ ዝም ይላል አለችኝ። ዝም ካለ ደግሞ ራስህን ትስታለህ። መሬት ላይ ከሆንክ ትወድቃለህ፣ ትነሳለህ። የምትሠራው ግን የታንከሩ እግር ጫፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ማስላት ነበረብኝ። አንተም እንድታየው እፈልጋለሁ፣ ስለዚህ ቀኝ እጅህን አንሳ። ኬብሉን እንደጨበጥክ አስብና አውራ ጣትህን ኮረንቱ ወደሚሄድበት ቀጥ አድርገው። የቀሩት ጣቶችህ እንደተጠቀለሉት፣ መስኩም ኬብሉን እንዲሁ ይጠቀልለዋል። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ መስኩ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ክብ ስታደርገው ግን የላዩም፣ የታቹም፣ የግራውም፣ የቀኙም ቁራጭ መሃል ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። ጭቃ የያዘውን መኪና ሰው ሁሉ ከየአቅጣጫው ቢገፋው ንቅንቅ አይልም፤ ሁሉም ከኋላ ሆኖ ሲገፋው ግን ይወጣል። ክብ ማለት ሁሉም ከኋላ የሚገፋበት ነው። ከዚያ ክብ ውስጥ ያለው ደግሞ ደረትህ ነው።

የክቡን ስፋት ለማወቅ የሥራ ካፖርትህን አውጥቼ እማዬን አለበስኳት። አንተን እንድታክል ትራስ ወተፍኩባትና የልብስ ማስጫውን ገመድ አንተ እንደምታደርገው በትከሻዋ አዙሬ በብብቷ አወጣሁት። "ምን ልታደርጊኝ ነው? ልታስሪኝ ነው?" አለችኝ። "አባዬን እየለካሁ ነው" ስላት ግን ቀጥ ብላ ቆመችልኝ። ዙሪያው አንድ መቶ ሃያ ስድስት ሴንቲሜትር ሆነ፤ ለሦስት ነጥብ አሥራ አራት ሲካፈል ዲያሜትሩ አርባ ነው።

ቀመሩ እንደዚህ ነው፤ ኮረንቱን በ0.1257 አባዛው፣ ለዲያሜትሩ በሴንቲሜትር አካፍለው፣ መልሱ በሚሊቴስላ ይወጣል። መቶ ሃምሳ አምፒር፣ አርባ ሴንቲሜትር፤ ዜሮ ነጥብ አርባ ሰባት። ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አላለኝም። ቁጥሩ ከአንድ ይበልጣል ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ "ይኸው ቁጥርህ፣ ና ግባ" ልልህ። ደግሜ አሰላሁት፣ ያው ነው። ሒሳቡን እንዲሳሳት እየለመንኩ እንደሆነ ሲገባኝ በራሴ አፈርኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ "አባዬ፣ አሸንፈኸኛል፣ ሥራህን ሥራ" የሚል አጭር ደብዳቤ ጻፍኩና ለሹፌሩ ልሰጥ እዚህ መጣሁ።

ጓደኛህ፣ የብየዳ ቤቱ ባለቤት፣ ግቢው መሃል የመጋዘን በር እየበየደ ነበር። ኬብሉን እንዳንተ ታጥቆታል። እዚህ ያሉት ሁሉ እንዳንተ ነው የሚታጠቁት፤ አንተ አይደለህ ያስተማርካቸው። ብርሃኑ ዓይኔን እንዳይወጋኝ ፊቴን ወደ ትከሻው ሳዞር ኬብሉን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ መከላከያውን ከፊቱ ገለጠ። "አባቴም እንዲህ ነው የሚጠቀልለው? ሦስት ጊዜ?"

"የማን ትምህርት መሰለሽ? መሬት ላይ ሁለት፣ ከፍታ ላይ ሦስት። 'ከሦስት ካነሰ ይንሸራተትባችኋል' እያለ ስንቴ ጮሆብናል መሰለሽ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ከበር ሆኜ ስላየሁህ አንድ ወፍራም ዙር ይመስለኝ ነበር። ያው ኮረንት ሦስት ጊዜ ሲዞር የሚገፋውም ሦስት እጥፍ ነው። ጠመኔ ለመንኩና ወለሉ ላይ በተኛ ላሜራ ላይ አባዛሁት፤ አንድ ነጥብ አርባ አንድ።

ላሜራው ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኛህ "ምነው ልጄ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" ሲለኝ ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት። ውሃውን እየጠጣሁ ደግሞ ሌላው ስህተቴ ታየኝ። ያሰላሁት የክቡን መሃል ነው፤ ክብ ውስጥ ደግሞ መስኩ ከሁሉ የሚለዝበው መሃሉ ላይ ነው። መሣሪያህ መሃል ላይ አይደለም፣ አባዬ። ግራ ትከሻህ ሥር ነው፣ ኬብሉ የሚያርፍበት ጎን። ለካ ይዤው የመጣሁት ደብዳቤ "ውጣና ውደቅ" የሚል ነበር። ቀዳድጄ ጣልኩት፤ ቁርጥራጩን እንኳ ሰው እንዳያነበው ሰብስቤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን "እንግዲያው ሁለት ዙር ላድርገዋ" እያልክ እንደሆነ ከዚህ ይሰማኛል። ሁለት ዙር መሃሉ ላይ ዜሮ ነጥብ ዘጠና አራት ነው። ለጥቂት አለፍኩ ልትል ነው፣ አታልፍም፤ መሃል አይደለህም አልኩህ። "አንድስ?" ካልክም፣ ኬብሉ ከመሣሪያው ሦስት ሴንቲሜትር ላይ ካረፈ ያ ቁራጭ ብቻውን አንድ ይሞላል፤ የቀረው ክብ ደግሞ ይጨመርበታል። ስለዚህ አንድም የለም፣ ግማሽም የለም። ከሰውነትህ ላይ ኬብል የሚባል ነገር እንዳይዞር። በዚህ አልደራደርም፣ ብትቆጣም ተቆጣ።

ይህን ስነግረው ጓደኛህ ድምፁን ዝቅ አደረገና "ስሚ፣ ለምን ታደክሚያለሽ? 'ቁጥሩ አልፏል፣ ብየዳ ጨርሶ ክልክል ነው' ብለሽ ጻፊለት። ዘጠና ቁጥር ያምናል። ነገውኑ ቤቱ ይገባል" አለኝ።

አስብበት ጀመር። ውሸትም አልነበረም፣ ግማሽ እውነት ነው። ብዕሩን አንስቼ "አባዬ፣ አንድ ነጥብ አርባ አንድ ሆኗል፣ በቃ ና" ብዬ ጀምሬ ነበር። የአንተን ካፖርት ለብሳ የቆመችው እማዬ ትዝ አለችኝ፣ ያ የታንከር እግር ትዝ አለኝ፣ እና እውነቴን ነው የምልህ፣ እልከው ነበር። ግን ቁጥር የጠየቅከኝ አንተ ነህ። ደስ ያለኝን ቁጥር መርጬ ከላክሁልህ፣ ከዚያ በኋላ የምነግርህን ሁሉ አንተ ብታምነው እንኳ እኔ አላምነውም።

ስለዚህ ሌላውንም አሰላሁት። ኬብሉ ክብ ሳይሠራ ቀጥ ብሎ በቀኝህ በኩል ቢመጣና ከመሣሪያህ ስልሳ ሴንቲሜትር ቢርቅስ? ኮረንቱን በ0.02 አባዛ፣ ለርቀቱ አካፍል፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት። ከልኩ ሃያ ጊዜ ያነሰ። ለባለሙያዋ ከጓደኛህ ስልክ ደውዬ አነበብኩላት፤ ቆይታ አሰበችና "እንዲህ ከሆነማ፣ ከመቶ ሃምሳ ካላለፈና ከተጠነቀቀ ይችላል" አለች። ቅር እያለኝ ሰማኋት።

እንግዲህ የምታደርገው ይኸውልህ። የኤሌክትሮዱን መያዣ በቀኝህ፣ ክንድህን ዘርግተህ ያዝ፤ እንደ ልማድህ ብረቱ ላይ አትደፋበት። የግራውንዱን ኬብል መቆንጠጫ የምትበይድበት አጠገብ አስነክሰውና ሁለቱን ኬብሎች ጎን ለጎን አስተኛቸው፤ በአንዱ የሄደው በሌላው ስለሚመለስ የአንዱን መስክ ሌላው ያጠፋዋል። የተረፈውን ኬብል መሬት ላይም ቢሆን አጠገብህ አትጠቅልለው። ማሽኑ እታች ይሁን። ክብደቱ እጄን ይጎትተኛል እንዳትል ጓደኛህ አሁን፣ እኔ ስጽፍ፣ መንጠቆ እየሠራልህ ነው፤ መወጣጫው ላይ ስቀለውና ኬብሉን እሱ ይሸከምልህ። "ለዘጠና መንጠቆ ልሠራ? እሱ እኮ ሲያየው ጠማማ ነው ይለኛል" እያለ ያጉረመርማል፤ ለሦስተኛ ጊዜ እያቃናው ነው። ከሁሉም በላይ ራስህን ትንሽ ዞር ካደረገህ መያዣውን ልቀቀውና ውረድ። ማንም ቢያይህ፣ ማንም ቢስቅብህ ውረድ።

ቆይ፣ ሹፌሩ እየጠራኝ ነው።

ተመለስኩ።

ፎርማናችሁ ነበር። ኤሌክትሮድ እንዲጨመርለት ከዋናው መንገድ ለሹፌሩ ደውሎ፣ የዘጠና ልጅ እዚህ ናት ሲባል "አገናኘኝ" አለው። ብየዳውን ከነገ ወደ ዛሬ እንዳመጣው የነገረኝ እሱ ነው። ልቤ ቆመ፣ አባዬ። የኔኛው፣ ማሽን የሌለው።

"አባትሽ ጠዋት ኬብሉን እንደ ልማዳቸው ታጠቁት" አለኝ። "መሰላሉ ሥር ሄዱ፣ ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ አወለቁትና 'ማሽኑ ችግር አለበት' አሉኝ። ማሽኑን ሌላ ሰው ሞከረው፣ ምንም የለውም። እስካሁን እግሮቹን ደግመው ደጋግመው እየለኩ ነው። እኔ አከብራቸዋለሁ፣ ግን ሥራ አለብኝ። ይበይዳሉ ወይስ አይበይዱም? ሌላ በያጅ ልጥራ? አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።"

"አይበይድም" የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። በቃ፣ አንዲት ቃል። ነገ ማታ ቤት ነበርክ። እኔ እንዳልኩትም አታውቅም ነበር፤ ፎርማኑን ትረግመው ነበር፣ እማዬም ትተኛ ነበር። "ሄሎ? ሄሎ?" ይለኛል።

ፈርተህ ነበር፣ አይደል? እዚያ መሰላል ሥር ብቻህን ቆመህ ፈርተህ ነበር። እኔ እኮ የተናደድኩት ጨርሶ የማትፈራ መስሎኝ ነው። ቁጥር ስጪኝ ያልከኝ ልትረታኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ የሚያረጋጋህ ፈልገህ እንደነበር አልገባኝም። አባት ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ይቅር በለኝ።

"ይበይዳል" አልኩት። "ግን ኬብሉን ሰውነቱ ላይ እንዳይጠቀልል። ደብዳቤ እየመጣለት ነው፤ እሱን ሳያነብ እንዳይወጣ። ማሽኑም ምንም አልሆነም፣ እሱም ምንም አልሆነም፣ የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነው።" ፎርማኑ "እስከ ነገ እጠብቃቸዋለሁ" ብሎ ዘጋው። ስልኩን ለሹፌሩ ስመልስ አለቀስኩ፤ ምስኪኑ ላሜራ የወደቀብኝ መስሎት እግሬን ያያል።

አሁን ሞተሩን አስነስቷል፣ መጨረስ አለብኝ። አባዬ፣ ይበይዳል ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ብረት ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ ሒሳቡ ልክ ነበር ብሎ የሚያጽናናኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አላጽናናም። ስለዚህ ይህን ባነበብክበት ቀን ሥራ ስትጨርስ ደክሞኛል ሳትል ከፎርማኑ ጋር ዋናው መንገድ ድረስ ውጣና ደውልልኝ። ስለ ሥራው ባትነግረኝም፣ እንደተቀየምከኝ ብትሆንም ግድ የለኝም። "ወርጃለሁ" በለኝና ዝጋው።

ይበይዳል ያለችው፣
ልጅህ